የይለፍ ቃሉን ሳይናገሩ መግባት፦ ዜሮ ኖሌጅ ምን ያድናል፣ ምን አያድንም

ጥያቄ፦ «ለአንድ የኢንተርኔት አገልግሎት የመግቢያ ሥርዓት እየሠራሁ ነው። የተጠቃሚዎችን የይለፍ ቃል ሰርቨሩ ጨርሶ እንዳያየው ስለፈለግሁ ዜሮ ኖሌጅ ፕሩፍ (ምስጢርን ሳይገልጡ ማወቅን የሚያስረዳ ዘዴ) ልጠቀም አስቤአለሁ። ብራውዘሩ የይለፍ ቃሉን በሻ-256 ሃሽ (ቃልን ፈጭቶ ወደ ኋላ ወደማይመለስ ቁጥር በሚቀይር ስሌት) ወደ ምስጢር ቁጥር ይለውጠዋል፤ ሰርቨሩ የሚይዘው ከዚያ ቁጥር የወጣውን ይፋዊ ቁልፍ ብቻ ነው፤ ተጠቃሚው ሲገባ ምስጢሩን ማወቁን በሽኖር ዘዴ ያረጋግጣል። ምልልሱን ለማሳጠር ከሰርቨሩ ይመጣ የነበረውን የዘፈቀደ ቁጥር ትቼ የሰዓት ማኅተም አስገብቻለሁ። ዳታቤዙ ቢሰረቅ ተጠቃሚዎቼ ደኅና ናቸው? እንደ አርጎን2 ያሉትን ቀርፋፋ ሃሾች መተው እችላለሁ? አስመሳይ ገጾችንስ ይከላከልልኛል?»

መልስ፦ ለሦስቱም መልሴ «አይደለም» ነው። ሐሳብዎ ግን የሚናቅ አይደለም፤ የይለፍ ቃልን ከሰርቨሩ ማራቅ ትክክለኛ ፍላጎት ነው። ችግሩ ዘዴው የሚሰጠውን ተስፋ ካለው አስፍተው መረዳትዎ ላይ ነው። ማስረጃው ምስጢሩን አያወጣም። ምስጢሩ ራሱ በግምት የሚደረስበት ከሆነ ግን ማስረጃው የሚያግዘው ገማቹን ነው። ይህንን በቃል ከማስረዳ በቁጥር ላሳይዎ፤ ነገሩ የሚገለጠው እዚያ ነው።

መጀመሪያ ስለ መነሻው ጥቂት ልበል። እንቆቅልሽ የፈታ ሰው መፍታቱን የሚያስረዳው መልሱን በመናገር ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን መልሱን የሰማው ሁሉ ያውቀዋል። የይለፍ ቃልም እንደዚሁ ነው፤ ማወቅዎን ለማሳመን ለሌላው ያስረክቡታል። ሻፊ ጎልድዋሰር፣ ሲልቪዮ ሚካሊና ቻርልስ ራኮፍ እ.ኤ.አ. በ1985 ያቀረቡት ጽሑፍ ይህንን ግንኙነት በጠሰው፤ አንድ ነገር እውነት መሆኑን አስረድቶ፣ ከእውነትነቱ ሌላ ምንም ሳያሳውቁ መቅረት እንደሚቻል አሳየ። በቀጣዩ ዓመት አሞስ ፊያትና አዲ ሻሚር ሐሳቡን ለማንነት ማረጋገጫ የሚሆን አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ1989 ደግሞ ክላውስ ሽኖር እርስዎ የመረጡትን አጭርና ውብ ዘዴ አቀረበ። ለእኔ እስከ ዛሬ በዚህ ሙያ ከተጻፉት ሁሉ በትንሽ መስመር ብዙ የሚሠራው እሱ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ማንኛውም ብዜት ለ23 ተካፍሎ ቀሪው ብቻ ይያዝ እንበል። 2ን በራሷ እየደጋገምን ስናባዛ በ11ኛው ላይ ወደ 1 እንመለሳለን፤ ስለዚህ «ስንት ጊዜ ተባዛ» የሚለው ቆጠራ በ11 እየዞረ ይሄዳል። የተጠቃሚዎ ምስጢር 7 ይሁን። ሰባት 2ዎች ሲባዙ 128 ይሆናሉ፤ ለ23 ሲካፈል ቀሪው 13 ነው። ሰርቨሩ የሚያስቀምጠው ይፋዊ ቁልፍ ይህ 13 ነው። በእውነተኛ ሥርዓት ምስጢሩ 77 አኃዝ ገደማ የሚረዝም ቁጥር ሆኖ ስሌቱ በኤሊፕቲክ ከርቭ ላይ ስለሚሠራ፣ ከይፋዊው ወደ ምስጢሩ በስሌት መመለስ ለዛሬ ኮምፒውተር የማይሞከር ነው።

ተጠቃሚው ሊገባ ሲል አንድ የዘፈቀደ ቁጥር ይመርጣል፤ 5 ይሁን። አምስት 2ዎች 32፣ ቀሪው 9። 9ን ለሰርቨሩ ይልካል፤ ይህንን መያዣ እንበለው፤ አንዴ ከተሰጠ አይቀየርምና። ሰርቨሩ በተራው የዘፈቀደ ጥያቄ ይመልሳል፤ 3 ይሁን። ተጠቃሚው ጥያቄውን በምስጢሩ አባዝቶ የደበቀውን 5 ይጨምርበታል፦ 3 በ7 ሲባዛ 21፣ 5 ሲደመር 26፣ በ11 ዙር 4። ምላሹ 4 ነው። ሰርቨሩ ይመረምራል፦ አራት 2ዎች 16 ናቸው። በሌላ በኩል 13ን ሦስት ጊዜ ሲያባዛ ቀሪው 12፣ በመያዣው 9 ሲያባዛው 108፣ ቀሪው 16። ሁለቱ ስለገጠሙ ተጠቃሚው ይገባል።

ምስጢሩ ለምን እንዳልወጣ ማየት የሚፈልግ ሰው መዝገቡን ከኋላ ወደ ፊት ይጻፈው። እኔ ምስጢሩን አላውቅም እንበል። ጥያቄውን 6፣ ምላሹን 2 ብዬ ራሴ እወስናለሁ፤ ከዚያ ስሌቱን የሚያስማማ መያዣ እፈልጋለሁ፤ 16 ሆኖ ይገኛል። ይመርምሩት፦ ሁለት 2ዎች 4 ናቸው፤ 13 ስድስት ጊዜ ሲባዛ ቀሪው 6፣ በ16 ሲባዛ 96፣ ቀሪው 4። ፍጹም የሆነ የመግቢያ መዝገብ ነው፤ የጻፍኩት ግን ምንም ሳላውቅ ነው። ማንም ከባዶ ሊጽፈው የሚችል መዝገብ ይፋዊውን ቁልፍ አስቀድሞ ለያዘ ሰው የሚጨምርለት ነገር የለም። በእውነተኛው ምልልስና በሐሰተኛው መካከል ያለው ልዩነት ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው፦ መያዣው ይቀድማል፣ ጥያቄው ይከተላል፣ ጥያቄውም አስቀድሞ አይታወቅም። ይህንን ያዙልኝ፤ ወደ ሰዓት ማኅተሙ ስንመጣ ይመለሳል።

«ይፋዊውን ቁልፍ አስቀድሞ ለያዘ ሰው» ያልኩት በዋዛ አይደለም። የእርስዎ ዕቅድ የሚሰነጠቀው እዚህ ነው። ይፋዊው ቁልፍ የመጣው ከምስጢሩ ነው፤ ምስጢሩ የመጣው ከይለፍ ቃሉ ነው፤ የይለፍ ቃሉ ደግሞ የመጣው ከሰው ጭንቅላት ነው። ዳታቤዙን የሰረቀ ሰው ከ13 ወደ 7 በስሌት መመለስ አያስፈልገውም። የተለመዱ የይለፍ ቃሎችን ዝርዝር ያወጣል፣ እያንዳንዱን በሻ-256 ይፈጫል፣ ይፋዊ ቁልፉን ያሰላል፣ ከተሰረቀው ጋር ያመሳክራል። ለዚህ ሥራ አንድ የኮምፒውተር ኮር በሰከንድ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሙከራ ያደርጋል። ባለስድስት አኃዝ ቁጥር የይለፍ ቃል ካደረጉ፣ ያሉት አማራጮች አንድ ሚሊዮን ብቻ ስለሆኑ ነገሩ በደቂቃዎች ያልቃል። በዕቅድዎ ውስጥ ለየተጠቃሚው የሚለይ ሳልት (ከመፈጨቱ በፊት ከይለፍ ቃሉ ጋር የሚቀላቀል የዘፈቀደ ቁጥር) አላየሁም፤ ከሌለ አንድ ጊዜ የተሰላ ዝርዝር ለተጠቃሚዎችዎ ሁሉ ያገለግላል። እ.ኤ.አ. በ2012 ከሊንክድኢን የወጡት ሃሾች ሳልት ስላልነበራቸው የደረሰው ይኸው ነው።

ከዚህ የሚብሰው ዳታቤዙ ሳይሰረቅም ግምቱ መቻሉ ነው። አንድ የመግቢያ መዝገብ፣ ማለትም 9፣ 3 እና 4፣ በአንድ ሰው እጅ ገባ እንበል። ምርመራው ስለሚታወቅ 16ን ለ9 ያካፍላል (9 በ18 ሲባዛ ቀሪው 1 ስለሆነ፣ በዚህ ዙር 16ን በ18 ማባዛት ነው) 12ን ያገኛል። 12 የ13 ሦስት ጊዜ ብዜት ነው፤ ጥያቄው 3 መሆኑን ስለሚያውቅ ሥሩን ያወጣል፦ 3 በ4 ሲባዛ በ11 ዙር 1 ስለሆነ፣ 12ን አራት ጊዜ ሲያባዛ ቀሪው 13። ይፋዊ ቁልፉ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ከላይ እንደተባለው ግምት ነው። በመንገድ ላይ ያለውን አድማጭ የተለመደው የግንኙነት ምስጠራ ያስቆመዋል፤ ከአስመሳይ አገልግሎት ወይም አጉል መረጃ ከሚመዘግብ የሰርቨር መዝገብ የወጣን ግን አያስቆምም። ሽኖር ይህንን አላጠፋም፤ እሱ ምስጢሩ በዘፈቀደ የተመረጠ መሆኑን ነው የገመተው። የጣሱት ያንን ግምት ነው።

ስለዚህ አርጎን2ን አይተዉ። እ.ኤ.አ. በ2015 የይለፍ ቃል ሃሽ ውድድር ያሸነፈው፣ እያንዳንዱ ሙከራ ጊዜና የኮምፒውተር ማኅደረ ትውስታ እንዲበላ ተደርጎ ስለተሠራ ነው። በእርስዎ አሠራር ቦታው ይቀየራል እንጂ ጥቅሙ አይቀርም፤ በሻ-256 ፋንታ በተጠቃሚው መሣሪያ ላይ ከሳልት ጋር ይሠራል።

እዚህ ላይ ለሐሳብዎ ጥብቅና ልቁም። የይለፍ ቃሉ ሰርቨር አለመድረሱ በራሱ ትልቅ ነገር ነው። ትዊተር እ.ኤ.አ. በ2018 የይለፍ ቃሎች ሃሽ ከመደረጋቸው በፊት በውስጥ መዝገብ እንደተጻፉ አስታውቆ ተጠቃሚዎቹ ሁሉ እንዲቀይሩ መክሯል። ዳታቤዙ በሥርዓት የተጠበቀ ነበር፤ ቀዳዳው ከዳታቤዙ በፊት ያለው የውስጥ መዝገብ ነበር። ያልደረሰበትን ነገር የሚመዘግብ ሰርቨር የለምና፣ የእርስዎ አካሄድ ይህንን ዓይነት አደጋ ከሥሩ ይነቅለዋል።

ነገር ግን በብራውዘር ላይ ሲሆን አንድ ወለፈንድ አለ። የይለፍ ቃሉን ከሰርቨሩ የሚደብቀውን ኮድ የሚልከው ማን ነው? ያው ሰርቨሩ ነው። ሰርቨሩን የያዘ አጥቂ በጃቫስክሪፕቱ ውስጥ አንድ መስመር ጨምሮ ቃሉን ከነነፍሱ ይወስደዋል፤ ተጠቃሚውም ምንም አያይም። ስለዚህ በድረ ገጽ ላይ ይህ ዘዴ ከስሕተትና ከቸልተኝነት ይጠብቃል፤ ከክፉ ሰርቨር ግን አይጠብቅም። በመሣሪያው ላይ የተጫነና ፊርማው የተረጋገጠ መተግበሪያ ከሆነ ነገሩ የተሻለ ነው፤ ኮዱ በየመግቢያው ከአጥቂው እጅ አይመጣምና።

አስመሳይ ገጽም በዚሁ በር ይገባል። የይለፍ ቃል መጻፊያ ሳጥን እርስዎን መስሎ ከሣለ፣ ዜሮ ኖሌጅ የሚባል ነገር እዚያ ገጽ ላይ የለም፤ ተጠቃሚው ቃሉን ጽፎ ያስረክባል። ተጠቃሚው ታማኝ መተግበሪያ ቢኖረው እንኳ ሌላ ወጥመድ አለ። ቼዝ የማያውቅ ሰው በሁለት ክፍሎች ከተቀመጡ ሁለት የቼዝ ጌቶች ጋር በአንድ ጊዜ ቢጋጠም፣ የአንዱን እርምጃ ለሌላው እያቀበለ ቢያንስ ከአንዱ ነጥብ ይዞ ይወጣል። መሐል የገባ አስመሳይም ከሰርቨርዎ ጥያቄውን ተቀብሎ ለተጠቃሚው፣ ከተጠቃሚው ምላሹን ተቀብሎ ለሰርቨርዎ ያቀብላል። ምንም ምስጢር አልወጣም፤ አስመሳዩ ግን ገብቷል። ማስረጃው «ምስጢሩን የሚያውቅ ሰው አለ» ይላል እንጂ «በዚህ መስመር ጫፍ ላይ ያለው እሱ ነው» አይልም። ይህንን የሚያክመው የሚነጋገሩበትን አድራሻ ወይም የግንኙነቱን ቁልፍ በማስረጃው ውስጥ ማሰር ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የዓለም አቀፉ የድር ኮንሶርሺየም ያጸደቀው ዌብኦተን የተባለ የመግቢያ መስፈርት የሚያደርገው ይህንን ነው፤ ብራውዘሩ የገጹን ትክክለኛ አድራሻ ራሱ በሚፈረመው ነገር ውስጥ ያስገባል፤ በአስመሳይ ገጽ የተፈረመ ፊርማ በእርስዎ ሰርቨር አያልፍም። የተጠቃሚውን ንቁነት አይለምንም፤ እኔ የምወደው ለዚህ ነው።

ወደ ሰዓት ማኅተሙ ልመለስ። ያሳጠሩት ምልልስ አንድ ዙር ብቻ ነው፤ ሰው የማያስተውለው የሰከንድ ቁራጭ። የከፈሉበት ግን ብዙ ነው። የሰርቨሩን ጥያቄ በቀጥታ ሰዓቱ ከተካው ነገሩ አበቃ፤ ሰዓቱን ማንም አስቀድሞ ስለሚያውቅ ከላይ እኔ 16፣ 6፣ 2 ብዬ የጻፍኩትን ዓይነት መዝገብ ይፋዊ ቁልፉን የያዘ ማንም ሰው ጽፎ ይገባል። ሰዓቱን ከመያዣው ጋር በሃሽ አዋህደው ጥያቄውን ከዚያ ካወጡ ደግሞ የፊያትና የሻሚር ዘዴ ነው፤ እሱ በትክክል ከተሠራ አስተማማኝ ነው። «በትክክል» የሚለው ቃል ግን ከባድ ነው። ሃሹ ውስጥ መያዣው ብቻ ሳይሆን ይፋዊ ቁልፉ፣ የተጠቃሚው መለያ፣ የአገልግሎቱ አድራሻና የምልልሱ መለያ መግባት አለባቸው። ይፋዊ ቁልፉ ከተረሳ፣ አንድ ሰው መያዣና ምላሽ አስቀድሞ መርጦ የሚስማማ ይፋዊ ቁልፍ ከኋላ በማስላት፣ ምስጢሩን የማያውቀውን ቁልፍ «የእኔ ነው» ብሎ ማስመዝገብ ይችላል። ይህ የጀማሪ ስሕተት እንዳይመስልዎ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በስዊዘርላንድ ፖስታ የኤሌክትሮኒክ ድምፅ መስጫ ኮድ ውስጥ ተመራማሪዎች ያገኙት የዚህ ቤተሰብ ጉድለት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2022ም ትሬይል ኦፍ ቢትስ የተባለው የደኅንነት ድርጅት በበርካታ የዜሮ ኖሌጅ ኮዶች ውስጥ ተመሳሳዩን አግኝቶ «የቀዘቀዘ ልብ» የሚል ስም ሰጥቶታል።

በተጨማሪ የሰዓት ማኅተም ሁልጊዜ የመቻቻያ ደቂቃ ይፈልጋል፤ በዚያች ደቂቃ ውስጥ የተቀዳ ማስረጃ እንደገና ይሠራል። ሌላም የጠፋብዎ ነገር አለ። የምልልሱ ዘዴ ከተራ ዲጂታል ፊርማ የሚለየው፣ መዝገቡን ማንም ሊፈጥረው ስለሚችል ሰርቨሩ «ይህ ሰው በዚህ ሰዓት እዚህ ገብቷል» ብሎ ለሦስተኛ ወገን ማስረጃ ማቅረብ አለመቻሉ ነው። ምልልሱን ሲያስቀሩ ማስረጃው እንደ ፊርማ ለማንም የሚታይ ይሆናል። ዜሮ ኖሌጅን ከፊርማ ያስመረጠዎትን ጠባይ ለአንድ ዙር ብለው ሸጡት ማለት ነው።

ስለ ዘፈቀደ ቁጥሩም አንድ ነገር። ተጠቃሚው ያንኑ 5 ሁለት ጊዜ ቢጠቀም፣ በሁለተኛው ጥያቄው 8 ቢሆን፣ ምላሹ 6 ይሆናል። ሁለቱን መዝገቦች የያዘ ሰው የምላሾቹን ልዩነት (2) ለጥያቄዎቹ ልዩነት (5) ያካፍላል፤ 5 በ9 ሲባዛ በ11 ዙር 1 ስለሆነ፣ ይህ 2ን በ9 ማባዛት ነው፤ 18፣ ማለትም 7። ምስጢሩ ራቁቱን ወጣ፤ የይለፍ ቃሉ የቱንም ያህል ቢጠነክር አያድነውም። እ.ኤ.አ. በ2010 የፕሌይስቴሽን 3 የፊርማ ቁልፍ የወጣው በሌላ የፊርማ ዘዴ ላይ በተሠራ በዚሁ ስሕተት ነው። እኔም ስሙን የማልጠራው አንድ ድርጅት ኮዱን እንድመረምር ሰጥቶኝ፣ የዘፈቀደ ቁጥሩ ከኮምፒውተሩ ሰዓት በሰከንድ ሲወለድ አይቻለሁ፤ በአንድ ሰከንድ ሁለቴ የገባ ተጠቃሚ ቁልፉን ያስረክብ ነበር። ኮዱ ንጹሕ፣ ፈተናዎቹ ሁሉ የሚያልፉ ነበሩ።

ታዲያ ምን ይሥሩ? መጀመሪያ የይለፍ ቃል የግድ መሆኑን ራስዎን ይጠይቁ። ካልሆነ ፓስኪ፣ ማለትም በይለፍ ቃል ፋንታ በዌብኦተን የሚሠራ የመሣሪያ ቁልፍ፣ ይጠቀሙ። ቁልፉ በመሣሪያው ውስጥ በዘፈቀደ ስለሚፈጠር የሚገመት አይደለም፤ ከዳታቤዝዎ የሚሰረቀው ይፋዊ ቁልፍም ለሌባው ምንም አይፈይደውም፤ አድራሻውም የታሰረ ነው። በመዝገበ ቃላት ትርጉም ዜሮ ኖሌጅ አይባል ይሆናል፤ የጠየቁኝን ሦስት ነገሮች ግን ይመልሳል።

የይለፍ ቃል የግድ ከሆነ ለዚሁ ተብሎ የተነደፈ ዘዴ አለ። ሐሳቡ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1992 ከቤሎቪንና ሜሪት ነው፤ ብዙ ያገለገለው ደግሞ ቶማስ ዉ እ.ኤ.አ. በ1998 ያቀረበው ኤስ አር ፒ ነው። እንደ ሽኖርዎ የግምት መመሳከሪያ ለአድማጭ አይሰጥም፤ ነገር ግን ሳልቱን ለጠየቀው ሁሉ ስለሚያሳይ አጥቂ ዝርዝሩን ከስርቆቱ በፊት አስልቶ መጠበቅ ይችላል። ዛሬ የምመክረው ኦፔይክ የተባለውን ነው፤ ያሬኪ፣ ክራውቸክና ሹ እ.ኤ.አ. በ2018 አቀረቡት፤ እ.ኤ.አ. በ2025 አርኤፍሲ 9807 በተባለ የኢንተርኔት ቴክኒክ ሰነድ ወጥቷል። ተጠቃሚው የይለፍ ቃሉን በዘፈቀደ ቁጥር ሸፍኖ ይልካል፤ ሰርቨሩ ምን እንደሆነ ሳያይ በራሱ ምስጢር ቁልፍ አስልቶ ይመልስለታል፤ ተጠቃሚው ሽፋኑን አንሥቶ ባገኘው ውጤት የግል ቁልፉ ያለበትን የተመሰጠረ ኤንቨሎፕ ይከፍታል። የሰርቨሩ ቁልፍ ከዳታቤዙ ተለይቶ በልዩ ሃርድዌር ከተቀመጠ፣ ዳታቤዙን ብቻ የሰረቀ ሰው መገመት እንኳ አይችልም። ዋትስአፕ ለተመሰጠሩ የውይይት መጠባበቂያዎች የሚጠቀመው ይህንን ነው። እባክዎ ራስዎ አይጻፉት፤ የተመረመረ ኮድ ይውሰዱ።

እንደ ግሮት16 ያሉት፣ ማስረጃቸው 200 ባይት እንኳ የማይሞላው ትልልቅ ዘዴዎች ለመግቢያ በር አያስፈልጉዎትም። የእነሱ ቦታ ሌላ ነው፦ አንድ ሰው ማንነቱን ሳይገልጽ ከ18 ዓመት በላይ መሆኑን ወይም አባል መሆኑን ሲያስረዳ። የዚህ መሠረት በካመኒሽና ሊሲያንስካያ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2001 በሚገባ ተጥሏል፤ ጉግልም እ.ኤ.አ. በ2025 ለዕድሜ ማረጋገጫ የሠራውን ኮድ ለሕዝብ ክፍት አድርጓል። አገልግሎትዎ «ማን ነህ?» ሳይሆን «ይፈቀድልሃል?» ብቻ መጠየቅ የሚበቃው ከሆነ፣ ያኔ ዜሮ ኖሌጅን የሚተካ የለም፤ ለዚያ ሌላ ጥያቄ ይላኩልኝ፣ በደስታ እመልሳለሁ።

አሁን ባለው ኮድ ላይ ዛሬውኑ የሚነኩት ነገር ካለ፣ ከማስረጃው በፊት «የይለፍ ቃሌን ረሳሁ» የሚለውን አዝራር ይመልከቱ። ጠቅ ሲደረግ ኢሜይል ልኮ አዲስ ይፋዊ ቁልፍ የሚያስመዘግብ ከሆነ፣ የሥርዓትዎ ጥንካሬ የተጠቃሚው ኢሜይል ጥንካሬ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ተጠቃሚው ከገባ በኋላ የሚሰጡትን የኩኪ (ብራውዘሩ የሚይዘው የመግቢያ ምልክት) ዕድሜ ያሳጥሩ፤ ኩኪውን የሰረቀ ሰው ማስረጃ የሚጠይቀው የለም።